አትላንቲክን በኅዳር ለማቋረጥ የትኛው መርከብ?

ጥያቄ፦ ሰላም ካፒቴን። ከባለቤቴ ጋር ለገሃር አካባቢ እንኖራለን። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ልጃችን ኒው ጀርሲ ነው፤ ገናን አብረን እንድናሳልፍ ይፈልጋል። «ጊዜ አላችሁ፣ ከአውሮፓ በኋላ ያለውን በመርከብ ኑ» ብሎ ሁለት አማራጭ ላከልን። አንዱ ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ በኩዊን ሜሪ 2፣ ሰባት ሌሊት፣ ኅዳር ማብቂያ ላይ። ሌላው ከባርሴሎና ማያሚ በጣም ግዙፍ በሆነ አዲስ የመዝናኛ መርከብ፣ 14 ሌሊት፣ ጥቅምት ማብቂያ ላይ። ዋጋው የሁለተኛው ይቀንሳል። አንድ ጓደኛዬ «ትልቅ ከሆነ ምንም አይሰማችሁም» ይላል። ሌላው ደግሞ በኮንቴይነር መርከብ ሂዱ፣ ርካሽ ነው ይለናል። ባለቤቴ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ሳታስመልስ ወርዳ አታውቅም። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የምፈራው መገልበጡን ነው። የትኛውን እንምረጥ?

መልስ፦ ሰላም ለእርስዎም ለባለቤትዎም። መጀመሪያ አጭሩን ልበል። ሲሄዱ በባርሴሎናው ይሂዱ። ሲመለሱ ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ በኩዊን ሜሪ 2 ይመለሱ። የኮንቴይነሩን ነገር ይተዉት። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ መርከብ ነው። በጭነት መርከብ ላይ በመኮንንነት ረጅም ጊዜ የሠራሁት እኔ ግን ማንም እንዲህ ሲጠይቀኝ ቀድሜ የማየው ወሩን ነው። ከዚያ መንገዱን። መርከቧ የምትመጣው ሦስተኛ ላይ ነው። በጥሩ ወር መካከለኛ መርከብ ይበቃዎታል። በመጥፎ ወር ግን ምርጥ የተባለችውም ትንጥዎታለች።

የሰሜን አትላንቲክ መጥፎ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። አውሎ ነፋሱ ከአሜሪካና ከካናዳ ጠረፍ ይነሳና ወደ አውሮፓ ይጓዛል። አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይከተላል። በውቅያኖሱ መሃል በዲሴምበርና በጃንዋሪ የማዕበሉ ከፍታ በአማካይ ከ4 ሜትር ያልፋል። በጁላይ ወደ 2 ሜትር ይወርዳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአየር ትንበያ ላይ የሚጻፈው የማዕበል ከፍታ የትልቁ ማዕበል ልክ አይደለም። ከሁሉም ማዕበሎች ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ተወስደው የእነሱ አማካይ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ «6 ሜትር» የሚል ትንበያ ባለበት ባሕር ላይ፣ አልፎ አልፎ 11 ወይም 12 ሜትር የሚሆን ይመጣል። በጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር ድራውፕነር የተባለው የጋዝ መድረክ ላይ የተለካው አንድ ማዕበል 25.6 ሜትር ነበር። ያን ዕለት የነበረው ትንበያ የሚጠቀምበት ከፍታ ግን 12 ሜትር ገደማ ነው።

የኛው ሰፈር ባሕርም እንዲሁ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ መርከበኛ ቢያገኙ የሶኮትራን ደሴት አካባቢ ይጠይቁት። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እዚህ አዲስ አበባ ዝናቡ ሲወርድ፣ እዚያ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የዓረብን ባሕር ይገለብጠዋል። ሳህን ከጠረጴዛ ላይ አይቆምም። በጥር እዚያው ቦታ ቡናዎን ሳይፈስብዎት ይጠጣሉ። መርከቧ ያው፣ ሠራተኛው ያው።

አሁን መንገዱ። ልጅዎ የላከልዎት ሁለቱ ጉዞዎች አንድ ውቅያኖስ ላይ ናቸው ቢባልም የተለያየ ባሕር ነው የሚያቋርጡት። የሳውዝሃምፕተኑ በሰሜን በኩል ያልፋል። አውሎ ነፋሱ የሚመጣው ከምዕራብ ነው፤ እርስዎም ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት። ፊት ለፊት ነው የምትገናኙት። የባርሴሎናው በጂብራልታር በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ የሰሜን ምሥራቁ ቋሚ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ኮሎምበስም በ1492 በካናሪ ደሴቶች በኩል የሄደው በዚሁ ነፋስ ነው። እዚያ የተለመደው ማዕበል 2 ሜትር፣ ቢበዛ 3 ሜትር ነው፤ የሚመጣውም ከኋላ ነው። ከኋላ የሚመጣ ማዕበል መርከቧን ቀስ አድርጎ ያነሳና ያስቀምጣል። ፊት ለፊት የሚመጣው ግን ይመታል።

ስለ ሀሪኬን መጠየቅዎ አይቀርም። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚበረታው ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። በጥቅምት ማብቂያ፣ ማለትም በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ወደ ማለቂያው ነው። ቢነሳም ከቀናት በፊት ስለሚታወቅ መርከቦች ዞረው ያልፉታል።

እንግዲህ ወደ መርከቦቹ። «ትልቅ ከሆነ ምንም አይሰማችሁም» የሚለው ጓደኛዎ ግማሹን አግኝቶታል። ርዝመት ይጠቅማል። በሰሜን አትላንቲክ ጠንከር ያለ አውሎ ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበል ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ200 እስከ 300 ሜትር ይረዝማል። 150 ሜትር የሆነች መርከብ ሙሉ በሙሉ ገደሉ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ሽቅብ ትወጣለች። 345 ሜትር የሆነችው ኩዊን ሜሪ 2 ግን ከአንዱ ማዕበል ራስ እስከ ሌላው ራስ ትደርሳለች። ስለዚህ ፊትና ኋላዋ ያን ያህል አይነሳም፣ አይወድቅም።

ርዝመት ግን ከቅርጽ ጋር ካልሄደ ብዙ አይረዳም። በ2016 ፌብሩዋሪ ላይ አንተም ኦፍ ዘ ሲስ የምትባል የመዝናኛ መርከብ ከኒው ጀርሲ ከ4,000 በላይ መንገደኛ ይዛ ወጣች። ርዝመቷ ከኩዊን ሜሪ 2 ጋር የሚወዳደር፣ በውስጥ ስፋቷም የምትበልጥ ናት። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ካለው ከኬፕ ሃተራስ ባሻገር ከተተነበየው የባሰ አውሎ ነፋስ ገጠማት። ሕዝቡ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ አደረ። የቤት ዕቃ ተገለበጠ። ዞራ ወደ ኒው ጀርሲ ተመለሰች። አልሰመጠችም፤ ለመስመጥም አልደረሰችም። ያን ሌሊት ግን «ትልቅ ናት፣ አይሰማንም» ያለ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የመዝናኛ መርከብ የሚሠራው ለፀሐይ ነው። ከውሃ በላይ እንደ አፓርታማ ይቆማል፤ አብዛኛው ክፍል በረንዳ አለው፣ ገንዳው ከላይ ነው። ነፋስ የሚገፋው ጎኑ በጣም ሰፊ ነው። ግንባሩም ብዙ ክፍል እንዲይዝ ሰፋ ይላል። ይህ ለካሪቢያን የሚያሳማ ነገር የለውም። ኩዊን ሜሪ 2 ግን ለሰሜን አትላንቲክ ተብላ የተሠራች ናት። በፈረንሳይ ሴን ናዜር ተገንብታ በ2004 ሥራ ጀመረች። ግንባሯ ረጅምና ሹል ነው፤ ማዕበሉን ይሰነጥቃል እንጂ አይላተመውም። ከግንባሩ ኋላ ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ ወፍራም ግድግዳ አለ። በተመሳሳይ መጠን ላለ የመዝናኛ መርከብ ከሚያስፈልገው ብረት 40 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ብረት ገብቶባታል። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ እንኳ ከውሃው 25 ሜትር ከፍ ብለው ነው የተሰቀሉት፤ ማዕበል እንዳይመታቸው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ግን ፍጥነቷ ነው። እስከ 30 ኖት ትሄዳለች። በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ብዙዎቹ የመዝናኛ መርከቦች 22 ኖት ላይ ያበቃሉ። የሰባት ሌሊቱ ጉዞ ደግሞ 20 ኖት አካባቢ ነው የሚጠይቀው። ትርፉ አቅም ምን ያደርጋል? ካፒቴኑ አውሎ ነፋስ ሲያይ ወደ ደቡብ ዞሮ ያልፈዋል፤ ወይም ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ጋዙን ረግጦ ኒው ዮርክ በቀኑ ይደርሳል። ትርፍ ፍጥነት የሌለው ካፒቴን ግን ሰዓቱ ከኋላው ያሳድደዋል። ባሕር ላይ መጥፎ ውሳኔ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከቸኮለ ፕሮግራም ነው።

እንግዲያው ኩዊን ሜሪ 2 ይህን ያህል ጥሩ ከሆነች በኅዳር ለምን አልመከርኳትም? በባለቤትዎ ምክንያት ነው። መርከቧ ያን ባሕር በደህና ታልፋለች፤ በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም። ከሆድ ጋር የሚደረገው ትግል ግን ሌላ ነው። በ5 ሜትር ማዕበል ውስጥ የትኛዋም መርከብ ትንቀሳቀሳለች። ዓባይ በረሃ ላይ የሚያማቸው ሰው በረሃውን ተሻግረው ሲወጡ ጎሃ ጽዮን ወይም ደጀን ላይ ወርደው አየር ይወስዳሉ። አትላንቲክ መሃል መውረጃ የለም። ሦስት ቀን ተኝተው ሊያሳልፉ ይችላሉ። የመጀመሪያ የባሕር ጉዟቸው እንዲህ እንዲሆን አልመኝላቸውም።

ስታቢላይዘር ስለሚባለውም ልንገርዎ፣ ምክንያቱም የጉዞ ወኪሎች «ስታቢላይዘር አለው፣ አይንቀሳቀስም» ማለት ይወዳሉ። ከመርከቧ ጎን ውሃ ውስጥ የሚዘረጉ ክንፎች ናቸው። ወደ ግራና ቀኝ መንገዋለልን በጣም ይቀንሳሉ። ፊትና ኋላ መነሳትና መውደቅን ግን አይነኩትም። ሁለተኛ፣ የሚሠሩት መርከቧ ስትሄድ ነው። ከቆመች ክንፎቹ ብረት ብቻ ናቸው።

ይህ ቀልድ አይደለም። በኖቬምበር 2023 ስፒሪት ኦፍ ዲስከቨሪ የተባለች መርከብ በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ በማዕበል ውስጥ ሳለች የደህንነት ሥርዓቷ ሞተሩን አቆመው። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛው ወድቆ ወይም ዕቃ ተጋጭቶት። ከዚያ በፊት፣ በማርች 2019፣ ቫይኪንግ ስካይ በኖርዌይ ጠረፍ ላይ ኃይል አጣች። መንስኤው ሲመረመር የሞተር ዘይቱ ማጠራቀሚያዎች ከሚገባው በታች ተሞልተው ተገኙ። በደህና ቀን ያን ያህል ዘይት ይበቃ ነበር። መርከቧ ስትንገዋለል ግን ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ፓምፑ አየር ሳበ፣ ሞተሮቹ ራሳቸውን ለማዳን ተራ በተራ ጠፉ። ድንጋያማው ጠረፍ ቅርብ ነበር። 1,373 ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ከመካከላቸው 479ኙን በሄሊኮፕተር አነሷቸው። ሰው አልሞተም። መርከቧ ያኔ አዲስ ነበረች፤ የተሠራችው በ2017 ነው። ስለዚህ «አዲስ ናት» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው አይርኩ። የመርከብ ጤና ያለው ማንም ቱሪስት በማያየው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። የሞተር ኃላፊዎች ሁልጊዜ «መኮንኖቹ መስኮት ስላላቸው ራሳቸውን ትልቅ ያደርጋሉ» እያሉ ያሾፉብን ነበር። አልተሳሳቱም።

መገልበጡን በተመለከተ እንቅልፍዎን አይጡ። ዝነኛ የሆኑትን አደጋዎች ይመልከቱ። ታይታኒክ በ1912 የሰመጠችው ባሕሩ እንደ መስታወት ጸጥ ባለበት ሌሊት ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ በ2012 በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መታች፤ 32 ሰው ሞተ፣ ባሕሩም የተረጋጋ ነበር። በ1994 ባልቲክ ባሕር ላይ ሰምጣ 852 ሰው የሞተባት ኤስቶኒያ መኪና የምታጓጉዝ ፌሪ ነበረች። የግንባሯ በር በማዕበል ተገንጥሎ ውሃ የመኪናው ወለል ላይ ተንጣለለ። እርስዎ በሚሳፈሩባቸው መርከቦች ላይ እንዲህ ያለ በር የለም። ሰው የሚገድለው ድንጋይ፣ እሳት፣ የተከፈተ በርና ቸልተኝነት ነው። ማዕበል ብቻውን ትልቅ የመንገደኛ መርከብ አይገለብጥም። በሴፕቴምበር 1995 ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 በሀሪኬን ሉዊስ ውስጥ 29 ሜትር ገደማ የሚሆን ማዕበል ፊት ለፊት ገጠማት። ተቀብላው አለፈች፣ ኒው ዮርክ ገባች።

የኮንቴይነሩ ነገር። ጓደኛዎ የሰማው የድሮ ወሬ ነው። የጭነት መርከብ ከ12 በላይ መንገደኛ መያዝ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ በዓለም አቀፍ ሕግ የመንገደኛ መርከብ ይባላል። ሐኪም የለውም። ዕድሜ ላይ ገደብ ያደርጋሉ፣ የጤና ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች መንገደኛ መያዙን ትተውታል። ርካሽም አልነበረም። በዚያ ላይ ከባድ ጭነት ታች የተጫነበት መርከብ ሲንገዋለል በፍጥነት ነው የሚመለሰው፤ አንገት ይቀነጥሳል። ብረት ጭነን በመጣን ቁጥር አልጋዬ ላይ ተወጥሬ ነበር የምተኛው። ለባለቤትዎ አይሆንም።

አሁን የክፍሉ ምርጫ፤ ከመርከቧ ምርጫ እኩል ነው የማየው። የአንበሳ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ጎማ በላይ የተቀመጠ ሰው ጉድጓድ ሲመታ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። መርከብም እንደዚያው ነው። ግንባሩና ኋላው ይነሳል፣ ይወድቃል፤ መሃሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ወደ ጎን ደግሞ ከፍ ባሉ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ከመርከቧ ርዝመት መሃል ላይ፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ መስኮት ያለው ክፍል ይያዙ። መስኮቱ የግድ ነው። ዓይን አድማሱን ካየ፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ከሚነግረው ጋር ይስማማል፣ ማጥወልወሉ ይቀንሳል። ደስ የሚለው ነገር እነዚህ ክፍሎች ከውዶቹ አይደሉም። ብዙ ገንዘብ የሚከፈለው ላይኛው ፎቅ ግንባር ላይ ለሚገኘው ሰፊ ክፍል ነው። ማዕበል ሲመጣ ቀድሞ የሚታመመው እሱ ውስጥ ያለው ሀብታም ነው።

መድኃኒት ላይ ሐኪም ያማክሩ። ሜክሊዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት የሚባሉት ክኒኖች ከጉዞው በፊት ሲወሰዱ ነው የሚሠሩት፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ዘግይቷል። እንቅልፍ ስለሚያመጡ ቤት እያሉ አንድ ቀን ይሞክሯቸው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ጥሩ ነው፤ ግላኮማ ላለበት ወይም ፕሮስቴት ለሚያስቸግረው ሰው ግን አይሆንም። ዝንጅብልም ይረዳል፣ ይያዙ። ሆድ ባዶ አይሁን። ይህን ያነሳሁት ስለ ጾሙ ነው። በኅዳር ማብቂያ ቢጓዙ የነቢያት ጾም ላይ ይሆኑ ነበር። ማዕበል ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ማጥወልወሉን ያባብሳል። በጥቅምት ማብቂያ ቢነሱ ግን አብዛኛው ጉዞ ጾሙ ሳይገባ ያልቃል። የጾም ምግብ ቢያስፈልግ ሁለቱም መርከቦች ላይ አትክልት ሞልቷል፤ አስቀድመው ይንገሯቸው። እንጀራ ግን አይጠብቁ።

መርከቧ ስትንቀሳቀስ በእግር ሲሄዱ መደገፊያውን ይያዙ። ከባድ በር ሲዘጋ ጣትዎን አያስገቡ። በኛ ዕድሜ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው።

ሲመለሱ ለምን ኩዊን ሜሪ 2 አልኩ? በሜይ መጀመሪያ የሰሜን አትላንቲክ ጠባይ ተለውጧል። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ነፋሱም ማዕበሉም በብዛት ከኋላ ነው። ባለቤትዎም የ14 ሌሊት ልምድ ይኖራቸዋል። አንድ የማይመች ነገር አለ። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ሰዓቱ በአብዛኛዎቹ ቀናት አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፣ እንቅልፍ ይሰርቃል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን ትርፍ ሰዓት ያገኛሉ።

ቀኑን ያሰላሁት በአሜሪካ ቆይታዎም ነው። ለጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ልኩን የሚወስነው ማያሚ ላይ ያለው የድንበር መኮንን ነው። በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት ገብተው በሜይ መጀመሪያ ቢወጡ ውስጡ ነዎት። ሲገቡ እስከ መቼ እንደተፈቀደልዎ ቀኑን ያረጋግጡ።

ቪዛው ሦስት ነው፤ ልጅዎ ይህን የነገረዎ አይመስለኝም። የአሜሪካ፣ ከባርሴሎና ስለሚሳፈሩ የሼንገን፣ ሳውዝሃምፕተን ስለሚወርዱ ደግሞ የእንግሊዝ። የአሜሪካውን ሳይዙ ለመርከብ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። የጉዞ መድን ሲገዙ ባሕር ላይ ታመው በሄሊኮፕተር ቢነሱ ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። እዚህ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ወኪሎች የአውሮፕላን ትኬት ቢቆርጡ ይሻላል፤ የመርከቡን ልጅዎ በቀጥታ ከኩባንያው ይያዝ። ወደ ባርሴሎና ሲበሩ ከመርከቧ መነሻ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይድረሱ። መርከብ ለዘገየ መንገደኛ አይቆምም።

የክፍሉን ቁጥር ሲሰጧችሁ ከመርከቧ ስም ጋር ይላኩልኝ። ፕላኑን አይቼ ከመሃል ምን ያህል እንደራቀ፣ ከላዩም የዳንስ ቤት እንዳለ እነግርዎታለሁ።